ከቀለም መኪናዋ ኋላ

ሰው ሁሉ የወደደው ሰው ቶሎ እንዲደርስለት ይጸልያል። እኔ ግን የወደድኩት ሰው እንዲዘገይ ነበር የምጸልየው፤ ያውም ዘጠና ስድስት ኪሎ ሜትር ሙሉ አሽከርካሪ «ኧረ ይሄን ሰውዬ አንድ በሉልን!» እያለ ስልኬን ሲያጨናንቀው።

የምሠራው ዜሮ ኪሎ ሜትር ላይ ባለው የመንገድ ቁጥጥር ማዕከል ውስጥ ነው። መስኮት የሌለው አንድ ሰፊ ክፍል፣ ግድግዳው ላይ አሥራ ሁለት ስክሪን፣ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ስልክና አንድ የሬዲዮ መነጋገሪያ። ከጎኔ ያለው ኮምፒውተር ደግሞ በየመንገዱ ዳር በተተከሉት ሰባት የኤሌክትሪክ ሰሌዳዎች ላይ ጽሑፍ ያበራል። «ቁጥጥር» ይባል እንጂ የምንቆጣጠረው ነገር የለም። እናያለን፣ እንሰማለን፣ «ገብቶኛል ጌታዬ፣ መዝግቤያለሁ» እንላለን። ከዚያ እጃችንን አጣጥፈን ቀጣዩን ጥሪ እንጠብቃለን።

የመንገዱ አብዛኛው ክፍል ለወዲያ አንድ፣ ለወዲህ አንድ ረድፍ ነው። ዳገት ላይ ብቻ ሽቅብ ለሚወጣው ሁለት ይሆንለታል፤ ዝግ የሚለው ቀኙን ይዞ ፈጣኑን በግራ እንዲያሳልፍ። ሕጉ እንዲህ ይላል። ሰዉ ግን ዳገቱ ሲጀምር ግራውን ይዞ በሠላሳ ይንፏቀቅበታል፤ ቀኙ ባዶውን ይቀራል፤ ከኋላ ያለው ቆሽቱ አርሮ ለእኔ ይደውላል።

ከደዋዮቼ ሁሉ ዋነኛው አባቴ ነበር።

አባቴ ሠላሳ አንድ ዓመት አገር አቋራጭ አውቶቡስ ነድቶ፣ አንድም ቀን ሳይጋጭ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ቤታችን ውስጥ ያለነው እሱና እኔ ብቻ ነን። በሰባኛው ኪሎ ሜትር ላይ ባለችው ከተማ ትንሽ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለችው፤ በአሮጌ ነጭ መኪናው ይመላለሳል። አንድ ሰው ሲያናድደው መኪናውን ዳር አቁሞ ይደውላል። እየነዱ ስልክ ማውራት እሱ ዘንድ ከስርቆት እኩል ነው።

«የመንገድ ቁጥጥር ማዕከል፣ ምን ልርዳዎ?»

«ልጄ መሆንሽን አውቃለሁ። አሁን የማናግረው ግን ማዕከሉን ነው።»

«እሺ አባዬ።»

«አባዬ አትበዪኝ፤ መዝግቢ። አርባ ሦስተኛው ኪሎ ሜትር፣ ዳገቱ ላይ፣ አንድ ሰማያዊ ሚኒባስ ግራውን እንደ አባቱ ርስት ይዞታል።»

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ?»

«ይሂድ! ግን በቀኝ በኩል ይሂድ!»

ቁጡ ቢሆንም እንደ ሌሎቹ አይደለም። ሙሉ መስመር እያለ የፊቱን መኪና ሲቀድም ታይቶ አይታወቅም። ሰዓት ሙሉ ከአሸዋ መኪና ኋላ እየተሳደበ ይጓዛል እንጂ ሙሉውን መስመር አይሻገራትም። ልጅ ሳለሁ ከጎኑ አስቀምጦኝ እንዲህ ብሎኛል፦ «መስመር የማታውቂው ሰው ቃል ነው። ከኩርባው ወዲያ ያለውን አንቺ አታዪውም፤ እሱ ግን ቀድሞሽ ሄዶ አይቶታል። የተቆራረጠ ከሆነ «እለፊ» ብሎሻል፤ ሙሉ ከሆነ «ታገሺ» ብሎሻል። በቃ።»

ያ የማናውቀው ሰው ነው እንግዲህ አንድ ቀን መኪናውን እየነዳ ስክሪኔ ውስጥ የገባው።

የመንገዱ መስመር በሙሉ እንደ አዲስ እንዲቀባ ተወስኖ ነበር። የቀለም መኪናዋ ከዜሮ ኪሎ ሜትር ተነስታ በዘጠና ስድስት እንድትጨርስ፤ ከዚያ ወዲያ የሌላ ማዕከል ክልል ነው፣ የእኔ ካሜራም ሬዲዮም አይደርስም። ሰውየው ከላይ ተቀምጦ አንዲት ማዞሪያ ይዟል። ወደ ግራ ስትዞር መስመሩ ይቆራረጣል፣ ወደ ቀኝ ስትዞር ሙሉ ይሆናል። ኩርባ ሲመጣ የት ላይ ማዞር እንዳለበት አስፋልቱ ላይ በጠመኔ ምልክት ተደርጎለታል። ልኬቱ፣ ማድረቁ፣ ሰልፉን ማሳለፉ ሲጨመርበት የቀን ሥራው ከሦስት ኪሎ ሜትር አይዘልም። በሬዲዮ ስሙ «ቀለም አንድ» ነው። አሽከርካሪዎች ግን መኪናዋን «ኤሊዋ» ይሏታል።

«ቀለም አንድ፣ ማዕከል ነኝ። ከኋላህ የሁለት ኪሎ ሜትር ሰልፍ አለ። ዳር ይዘህ ብታሳልፋቸው?»

«ማዕከል፣ ቀለም አንድ። መቶ ሜትር ስጪኝና አሳልፋቸዋለሁ። አሁን ካቆምኩ መስመሩ ይጎብጣል።»

«ሰዎቹ በጣም ተቆጥተዋል።»

«ይሰማኛል እኮ። በዚህ ሁሉ ጥሩምባ መሐል ሙሽራ መስያለሁ። የጎደለችው ሙሽሪት ብቻ ናት።»

ሳቄ አመለጠኝ። የፈረቃ አለቃችን በመነጽሩ አናት አየኝ፤ ሬዲዮ ለሥራ እንጂ ለጨዋታ አይደለም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየካሜራው ስር ሲያልፍ ሰፊውን ባርኔጣውን አንስቶ ሰላም ይላል። እኔ አየዋለሁ፤ እሱ አያየኝም። አንድ ጊዜ ሳላስበው እጄን አንስቼ መለስኩለት፤ ለስክሪን! ማንም እንዳላየኝ ዞር ዞር ብዬ አረጋገጥኩ።

ሰላምታውን የምመልስበት ዘዴ ስፈልግ ሰሌዳዎቹ ትዝ አሉኝ። ሰሌዳ ላይ ማስጠንቀቂያ ከሌለ «መልካም መንገድ» ብሎ ማብራት ይፈቀዳል። እሱ ሲቃረብ አበራለሁ፤ ሲያልፍ አጠፋለሁ። ሦስተኛው ሰሌዳ ላይ ነቃብኝ።

«ማዕከል፣ ይህቺ «መልካም መንገድ» እኔ ስደርስ ብቻ ነው እንዴ የምትበራው?»

«ለሁሉም አሽከርካሪ ነው» አልኩ፣ ፊቴ እየጋለ።

«ሁሉም አሽከርካሪ ታድሏል» አለ።

ብዙ ማውራት ስለማይቻል አጭር አጭሩን ለመድን። «የአየሩ ሁኔታ እንዴት ነው?» ይለኛል። «ፀሐይ ነው» እለዋለሁ። አንድ ጠዋት «አንቺስ ጋ?» ሲለኝ «እዚህ መስኮት የለም» አልኩት።  በማግስቱ ሳልጠይቀው «ማዕከል፣ ካሜራሽ ቀለም አያሳይም ብለሽኛል። ሠላሳ አራተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ያለው ዛፍ አብቧል። ሐምራዊ ነው» አለኝ። ያን ዛፍ ስድስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ሳየው እንደሚያብብ አላውቅም ነበር።

በዚያው ሰሞን ለካ ሰውየው ተመችቶኝ ኖሯል። ሰዓቴን የምቆጥረው በኪሎ ሜትር ሆነ። አርባ፣ አርባ ሦስት፣ አርባ ስድስት። በየቀኑ ሦስት ሦስት ኪሎ ሜትር ከእኔ ይርቃል። ደዋዮቹ «አፍጥኑልን!» ሲሉኝ «እነግረዋለሁ» እላለሁ፤ አልነግረውም። አባቴ እንኳ «ያ ቀለም ቀቢ ነፍሴን ሊያወጣት ነው» ብሎ ሲደውል ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩት። ምን ላድርግ? ዘጠና ስድስት ሩቅ አይደለም። ሄዶ ሄዶ ከስክሪኔ ጠርዝ ላይ ሲወጣ ቁጭ ብዬ ማየት ብቻ ነው የሚቀረኝ።

ሐሙስ ጠዋት ስድሳኛው ኪሎ ሜትር ላይ እያለ ጠራኝ። ድምፁ እንደ ወትሮው አልነበረም።

«ማዕከል፣ እሑድ እረፍት ነኝ። ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ስድሳ አንደኛው ኪሎ ሜትር ላይ ካለው ሰሌዳ ስር እደርሳለሁ። እሑድ ልታገኚኝ ከፈቀድሽ ሰሌዳውን አብሪው። ካልፈቀድሽ ጨለማውን ተዪው፤ ገብቶኝ መስመሬን እቀጥላለሁ። በሬዲዮ ግን አትመልሺልኝ። እምቢታ በጆሮ ሲሰማ ይከብዳል።»

ስድሳ አንደኛው ኪሎ ሜትር ትልቅ ኩርባ ነው። ሰሌዳው የተተከለው ከኩርባው መግቢያ ላይ ነው።

አራት ሰዓት ሊሆን ሦስት ደቂቃ ሲቀረው አበራሁት።

በስክሪኑ አየሁት። ከመቀመጫው ብድግ አለ። ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘ። ድምፅ የለውም እንጂ ይስቅ ነበር፤ ትከሻው ይነቀነቃል። ቀና እንዳለ ሰሌዳውን አየ፣ አየ፣ አየ። እኔ ደግሞ እሱን አየሁ። መንገዱን ያየ አልነበረም። ትንሽ ቆይቶ ዝናብ ጣለ፤ መኪናዋን ሸፋፍነው ወደ ማደሪያቸው ሄዱ። ሰሌዳውን ማጥፋት አላሰኘኝም።

አርብ ጠዋት አባቴ ወደ ሱቁ ሲሄድ ነበር።

ስድሳኛው ላይ አንዲት የአሸዋ መኪና በሃያ አምስት ትጎተታለች። ነጯ መኪና ከኋላዋ። እሱ መሆኑን በአነዳዱ አወቅኩት፤ ርቀቱን ጠብቆ፣ ረድፉን መሐል ለመሐል ይዞ። «አሁን ሊደውልልኝ ነው» ብዬ ፈገግ አልኩ። ከዚያ ወደ ኩርባው ደረሱ። ፍሬቻ አበራ። አስቀድሞ፣ በሥርዓት፣ እንደ ሁልጊዜው። ወጣ።

ከኩርባው ወዲያ ያለው ካሜራ ላይ አንድ አውቶቡስ እየመጣ ነበር።

ሁለቱንም አያለሁ። እነሱ አይተያዩም። እጄ ጠረጴዛው ላይ የሚጫነው ነገር ፈለገ። ስልክ አለ፣ ሬዲዮ አለ፣ ሰሌዳ አለ፤ አንዱም ለዚያች ደቂቃ አይሆንም። «አባዬ!» ብዬ ስክሪኑ ላይ ጮኽኩ። አባቴ መሪውን ወደ ዳር ሲሰብር፣ መኪናዋ ጠርዙን ጥሳ ቦይ ውስጥ ስትተኛ አየሁ። አውቶቡሱ ለጥቂት አለፈ። ሁሉም ነገር ያለ ድምፅ ሆነ። ከመኪናዋ በላይ ሰሌዳው «መልካም መንገድ» እንዳለ ነበር።

አምቡላንስ ጠራሁ፤ እንዴት እንደጠራሁ አላስታውስም። ከወዲያ በኩል ፒካፕ እየበረረ መጥቶ ቆመ። ባለ ባርኔጣው ወርዶ ወደ ቦዩ ዘለለ። በሩን ገነጠለ ማለት ይቻላል። አምቡላንስ እስኪመጣ ድረስ የአባቴን ጭንቅላት በሁለት እጁ ይዞ ቁጭ አለ።

አባቴን ወስደውት ሲሄዱ ብድግ አለ። ወደ አስፋልቱ ወጣ። እግሩ ስር ተመለከተና ቆመ። ወደ ኩርባው አየ፣ ወደ ሰሌዳው አየ፣ እንደገና እግሩ ስር አየ። ከዚያ መንገዱ ዳር ተቀመጠ።

ያን ጊዜ ነው እኔም መስመሩን ያየሁት። ኩርባው ላይ፣ ሙሉ መሆን በነበረበት ቦታ ላይ፣ የተቆራረጠ መስመር እንደ አዲስ ጥርስ ነጭ ሆኖ ይታያል።

«ማዕከል» አለ በሬዲዮ።

«ይሰማል።»

«አየሽው?»

«አየሁት።»

«ማዞሪያውን አላዞርኩትም። ቀና ብዬ ሰሌዳውን ሳይ ነበር።» ትንፋሹ ይሰማኛል። «ሽማግሌው «መስመሩን አምኜ ነው» ሲሉኝ ነበር። ደጋግመው።»

«አባቴ ነው» አልኩ።

ሬዲዮው ሽሽሽ ሲል ቆየ። አለቃችን ከኋላዬ መጥቶ ማዳመጫውን ከጆሮዬ ላይ ቀስ አድርጎ አወለቀልኝና «ወደ አባትሽ ሂጂ» አለኝ።

አባቴ እግሩና የትከሻ አጥንቱ ተሰብሮ ነበር። ትራፊክ ፖሊሱ አልጋው አጠገብ ቆሞ ይጽፋል። ኩርባውን ያወቀው ከማኅደር ነው፣ ገና ቦታው ድረስ አልሄደም።

«አባባ፣ ኩርባ ላይ ነው የቀደሙት?»

«መስመሩ የተቆራረጠ ነበር።»

ፖሊሱ በትሕትና ፈገግ አለ። «አባባ፣ እዚያ ኩርባ ላይ የተቆራረጠ መስመር ኖሮ አያውቅም። በዚህ ዕድሜ ዓይን ያታልላል። መንጃ ፈቃድዎን ለጊዜው እኛ ጋ እናቆየዋለን።»

ፖሊሱ ሲወጣ አባቴ ወደ እኔ ዞረ። እንዲህ ትንሽ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

«ዓይኔ ነው እንዴ ልጄ?»

አፌን ከፈትኩ። የመስመሩ ክፍተቶች ዛሬ ሌሊት በቀለም ቢሞሉ ማንም አያውቅም። ሰውየው ሥራውን አያጣም። እሑድ ይመጣል። ይህን አሰብኩ፤ አልዋሽም፣ አሰብኩት።

«ምን አየህ?» አልኩት።

«እኔ እንጃ» አለ። «አሁን እኔ እንጃ።»

ዝም አልኩ። በዕድሜዬ ከሠራሁት ኃጢአት ሁሉ ያቺ ዝምታ ትከብደኛለች።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ሳለ አንድ ሰው መጣ። አረማመዱን አወቅኩት፤ ሃያ ቀን በስክሪን ሳየው የነበረ አረማመድ ነው። ባርኔጣው እጁ ላይ ነበር። ጫማው ላይ ነጭ ቀለም ደርቋል። ከስክሪኑ ይልቅ ቀጠን ይላል፤ ዓይኑ እንቅልፍ አላየም። አጠገቤ አልፎ ሊሄድ ሲል «ማንን ፈልገህ ነው?» አልኩት።

ባለበት ቆመ። ቀስ ብሎ ዞረ። ድምፄን ነው ያወቀው።

ተያየን። በሌላ ቀን ቢሆን ምን ያህል ነገር እንባባል ነበር! ለእሑድ ብዬ የተኮስኩት ቀሚስ ቤት ተሰቅሏል። እሱም የሚለው ያዘጋጀ ይመስለኛል። አንዱም አልተባለም።

«የኩርባውን መሐል በማስጠንቀቂያ ኮን ዘግቼዋለሁ። መስመሩን አልነካሁትም፤ ፖሊስ መጥቶ እስኪያየው ይቆይ ብዬ ነው» አለ። «ሪፖርቱን ጽፌ ሰጥቻለሁ። ለሳቸው ግን በአፌ ልነግራቸው ይገባል።»

«ከሥራ ያባርሩሃል።»

«ያባርሩኝ ይሆናል።»

ገባን። አባቴ ጣሪያውን እያየ ተኝቷል።

«አባባ፣ ዓይንዎ ምንም አልሆነም» አለ፣ ገና ሰላም ሳይል። «መስመሩ የተቆራረጠ ነበር። የቀባሁት እኔ ነኝ።»

አባቴ ዓይኑን ጨፈነ። ከዓይኑ ጠርዝ እንባ ወርዶ ጆሮው ስር ገባ። መጀመሪያ የመጣው ንዴት አልነበረም፤ እፎይታ ነበር። ይህ ነው አንጀቴን የበላው። አንድ ቀን ሙሉ ታውሬያለሁ ብሎ ሲጨነቅ ዝም ብዬ አየሁት።

«ለምን?» አለ።

«ተዘናጋሁ።»

ሌላ አልጨመረም። እኔን አላነሳም። ዝም ብል ኖሮ በዚያው ይቀር ነበር።

«ያዘናጋሁት እኔ ነኝ አባዬ» አልኩ። ስለ ሰሌዳው፣ ስለ እሑድ፣ ሁሉንም ነገርኩት። «ትናንትም ስትጠይቀኝ አውቅ ነበር።»

አባቴ እሱን አየ፣ እኔን አየ።

«ሠላሳ አንድ ዓመት» አለ። «ሰው ዋሽቶኝ ያውቃል። ፍሬን ከድቶኝ ያውቃል። መስመር ግን...» ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ውጡልኝ። ሁለታችሁም።»

ኮሪደሩ ላይ ወጥተን ጎን ለጎን ቆምን። እጁ ከእጄ አንድ ስንዝር አይርቅም፤ አልተነካካንም።

«አባትሽ ድጋሚ መሪ እስኪይዙ ድረስ ፊት የለኝም» አለ። «አልደውልልሽም። ጠብቂኝም አልልሽም።»

«ከዚያስ?»

«የመንገድ ቀለም ዕድሜው ሁለት ዓመት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ያን መንገድ የሚቀባ ሰው ይፈለጋል። እኔ ልሁን፣ ሌላ ይሁን፣ አላውቅም።»

ባርኔጣውን አደረገና ሄደ። መንገዱ ካሜራ የሌለበት መንገድ ነበር፤ እስከ በሩ ድረስ ብቻ አየሁት።

አላባረሩትም። ሩቅ ከተማ ልከው የእግረኛ መሻገሪያ በእጅ እንዲቀባ አደረጉት፤ ይህንን የሰማሁት ከአለቃችን ነው። እኔን ስድስት ወር ከሬዲዮ አነሱኝ። ፖሊስ ኩርባውን አየ፤ መስመሩን ሌላ ሰው አረመው። አባቴ ነጻ ተባለ፣ መንጃ ፈቃዱ ተመለሰለት፣ አጥንቱም ገጠመ። መኪናውን ግን አልነካም። ጠዋት ጠዋት ቁልፉን አንስቶ ያየዋል፤ መልሶ ይሰቅለዋል። ሱቁን ለዘመድ ሰጠ። ስልኬ ላይ «መዝግቢ!» የሚለኝ ጠፋ። ከእኔ ጋር ይነጋገራል፤ ስለ ጨው፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ውሃ ቧንቧው። ስለዚያ ሰው አንድም ቀን አላነሳም። እኔም ምን ብዬ ላንሳ? ሆድ ይፍጀው ብዬ ተቀመጥኩ።

በስክሪኑ መስመሩ ሲደበዝዝ አየሁት። የመጀመሪያው ክረምት ጠርዙን በላው። የከባድ መኪና ጎማ መሐሉን ጠረገው። ሰዎች «መስመሩ አይታይም፤ ምን ትሠራላችሁ?» ብለው ይጮኻሉ፤ እኔ «መዝግቤያለሁ» እላለሁ። በዚያ መንገድ ላይ መስመር ሲጠፋ ደስ የሚላት ብቸኛ ሰው እኔ ሳልሆን አልቀርም። ደስታዬም ያሳፍረኝ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ላይ አባቴ ቁልፉን አንስቶ መልሶ አልሰቀለውም። «ሱቁን አይቼ ልምጣ» ብሎኝ ወጣ። ቀኑን ሙሉ በአሥራ አንድ ስክሪን ስከተለው ዋልኩ። አሥራ ሁለተኛው፣ የስድሳ አንዱ፣ ካሜራውን ንፋስ ጥሎት ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ ግራጫ ብቻ ነው የሚያሳየው። ኩርባውን እስኪያልፍ ሰከንድ ቆጠርኩ። በወዲያኛው ካሜራ ላይ ብቅ አለ። ከዚያ ወዲህ ሳምንት ሳምንት መሄድ ጀመረ።

እንግዲህ በአንድ ረቡዕ ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ ስልኩ ጮኸ። የመስመር ቅብ በዚያ ቀን ከኩርባዎቹ እንደሚጀመር ከጠዋት ተነግሮን ነበር። ማን እንደመጣ አልጠየቅሁም። ቢሉኝስ «ሌላ ሰው ነው»?

«የመንገድ ቁጥጥር ማዕከል፣ ምን ልርዳዎ?»

«መዝግቢ» አለ አባቴ።

ሁለት ዓመት ያልሰማሁት ቃል ነው። ብዕሬን አነሳሁ።

«ስድሳ አንደኛው ኪሎ ሜትር። አንዲት ማሽን መሐል መንገድ ላይ ትንፏቀቃለች። ከሱቅ ስመለስ ረፋዱን ስድሳ አራት ላይ ነው የደረስኩባት። ኤሊ እኮ ትቀድማታለች!»

ግራጫውን ስክሪን አየሁት። ምንም የለም።

«አባዬ፣ ማን ነው የሚነዳት?»

«ባለ ባርኔጣው ነው።»

ብዕሬን አስቀመጥኩ።

«አሁን ቆሟል፤ ለዚህ ነው የደወልኩት» አለ። «ኩርባውን በሙሉ መስመር ቀባው። ጨርሶ ወረደና በእግሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ እያየው ይሄዳል። አጎንብሶ ያያል፤ ሁለት እርምጃ ይሄዳል፤ ደግሞ ያያል። ሰሌዳውን ቀና ብሎ እንኳ አላየውም።»

«አንተስ? ለምን አልቀደምከውም?»

«ቀጥ ያለው ላይ መስመሩ የተቆራረጠ ነበር። ሁለቴ እጁን አውጥቶ «እለፉ» አለኝ።»

«እና?»

«አላለፍኩም» አለ። «ሠላሳ አንድ ዓመት በመስመር ስነዳ የሚቀባውን ሰው ሲሠራ አይቼ አላውቅም። ልየው ብዬ ነው።»

ስልኩን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁት።

«ደህና ይቀባል» አለ አባቴ። «አሁን ግን ርቦኛል። ፍጠን በይልኝ።» ስልኩን ዘጋው።

ሬዲዮውን ያዝኩ።

«ቀለም አንድ፣ ማዕከል ነኝ።»

ብዙ ቆየ። ወደ መኪናዋ እስኪመለስ ነው መሰለኝ፤ ወይም ድምፄን አላመነ ይሆናል።

«ማዕከል... ቀለም አንድ። ይሰማል።»

«ከኋላህ አንዲት ነጭ መኪና አለች። ባለቤቷ ርቦታል።»

«በመስታወት ሳያቸው ነው የዋልኩት። እለፉ ብላቸው እምቢ አሉኝ።» ድምፁ ተቆራረጠ። «ማዕከል፣ እሳቸው ናቸው አይደል?»

«እሱ ነው። መሪ ይዟል።»

ሬዲዮው ሽሽሽ አለ። ያን ድምፅ ሁለት ዓመት ጆሮዬ ውስጥ ይዤው ኖሬያለሁ።

«አቅጣጫህ ወዴት ነው?» አልኩት።

«ኩርባዎቹን ጨርሼ ወደ ዜሮ። ወደ አንቺ።»

ስድሳ አንድ ኪሎ ሜትር። በቀን ሦስት። ሃያ ቀን። በስምንት ዓመት ሥራዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥሩምባ የሚነፉት ሰዎች ሁሉ ገቡኝ።

«ኧረ ባክህ ትንሽ ፍጠን!» አልኩ ጮክ ብዬ። አለቃችን በመነጽሩ አናት አየኝና ወረቀቱ ላይ መልሶ አቀረቀረ።

«አይሆንም፣ ማዕከሌ» አለ። ሳቅም ልቅሶም ነበር ድምፁ ውስጥ። «ካፈጠንኩ መስመሩ ይጎብጣል። ግን... እሑድ እረፍት ነኝ።»

እጄ ሳላዘው ወደ ሰሌዳው ኮምፒውተር ሄደ። ጽሑፉ ተዘጋጅቶ ነበር፤ አንድ ቁልፍ ነው የቀረው። ጣቴን መለስኩት።

«ሰሌዳውን አላበራልህም» አልኩት። «ዓይንህን መንገዱ ላይ አድርግ። በጆሮህ ስማኝ፤ እሺ ብያለሁ።»